ዋጋ ሲጠይቁኝ ድምፄ ይጠፋል

ጥያቄ፦ «በርበሬ፣ ሽሮና ሚጥሚጣ አዘጋጅቼ እሸጣለሁ። ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ ሁለት ሴቶችም ቀጥሬ አሠራለሁ። የቀመሰው ሰው ተመልሶ ይመጣል። ችግሬ አፌ ነው። ባዛር ላይ ሰው ወደ ጠረጴዛዬ ሲጠጋ አቀረቅራለሁ። ዋጋ ሲጠይቁኝ ድምፄ ይጠፋል፤ ማንም ሳይከራከረኝ ራሴ እቀንሳለሁ። በቅርቡ አንድ ሱፐርማርኬት ቀጠሮ ሰጥቶኝ ሄድኩ። የግዢ ኃላፊው ‹ለምን ያንቺን ልያዝ?› ሲለኝ ‹ጥሩ ነው፣ ይሞክሩት› ብዬ ወጣሁ። ያደግኩት ክፍለ ሀገር፣ ቆሼ ከተማ አካባቢ ስለሆነ አማርኛዬ ሰው ያስቃል ብዬም እፈራለሁ። ባለቤቴ 15,000 ብር ከፍለሽ የንግግር ክህሎት ስልጠና ግቢ ይለኛል። እህቴ ደግሞ አፈ ጮሌ ሻጭ ቅጠሪ ትለኛለች። እኔ በተፈጥሮዬ ዝምተኛ ነኝ። ለንግድ አልተፈጠርኩም ይሆን?»

ምላሽ፦

ከመጨረሻው ልጀምር። ለንግድ ያልተፈጠረ ሰው ሦስት ዓመት አይቆይም፤ ለሁለት ሰው ደመወዝ አይከፍልም። ይህንን ጥያቄ ከዛሬ ጀምሮ ተዪው።

ዝምተኛነትሽም ጥፋተኛ አይደለም። እስቲ አስቢው። ከሠራተኞችሽ አንዷ በደንብ ያልደረቀ ዛላ ይዛ ወፍጮ ቤት ልትሄድ ብትነሳ ምን ትያታለሽ? «ቁጭ አድርጊው፣ ይሻግታል» ትያታለሽ። ድምፅሽ አይንቀጠቀጥም። «ይመስለኛል» አትይም። መናገርማ ትችያለሽ። ድምፅሽ የሚጠፋው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የማታውቂው ሰው ፊት፣ የገንዘብ ነገር ሲነሳ። ይሄ የተፈጥሮ ጉዳይ አይደለም። ያልተለማመድሽው ሥራ ነው።

ባለቤትሽም እህትሽም አንድ ነገር የተሳሳቱ ይመስለኛል። «በራስ መተማመን» ሲባል በዓይናቸው የሚመጣው ጮክ ብሎ፣ ፈጠን ብሎ፣ እየሳቀ የሚያወራ ሰው ነው። የእኛ አገር ገዢ ግን እንዲህ ያለውን ሰው ይጠረጥራል። «አፈ ቅቤ፣ ልበ ጩቤ» የሚል ሕዝብ ነው። በርበሬ ላይ ደግሞ ጥርጣሬው እጥፍ ነው፤ ባዕድ ነገር ተቀላቀለበት የሚል ወሬ ያልሰማ የለም። ገዢሽ ጠረጴዛሽ ፊት ቆማ በሆዷ የምትለው «ይህቺ ሴት ተናጋሪ ናት?» አይደለም። «ምን ጨምራበት ይሆን?» ነው። ይህንን ጥያቄ ለመመለስ ከጮሌ ሰው ይልቅ ረጋ ያለ ሰው ይሻላል። አንቺ ግማሹን መንገድ ሄደሻል ማለት ነው። የቀረሽ እርጋታሽን ገዢው እንዲሰማው ማድረግ ነው።

ታዲያ ድምፅ ለምን ይጠፋል? ሦስት ምክንያት አለው፤ ሦስቱም አብረው ስለሚመጡ አንድ ይመስላሉ።

የመጀመሪያው ሰውነት ነው። ስንፈራ አድሬናሊን ይለቀቃል። ልብ ይመታል፣ አፍ ይደርቃል፣ ትንፋሽ ላይ ላዩን ይሆናል፣ የጉሮሮ ጡንቻ ይወጠራል። ድምፅ የሚሠራው በትንፋሽ ነው። ትንፋሽ ሲያጥር ድምፁ ይቀጥናል፤ ዐረፍተ ነገሩ ሳያልቅ አየሩ ቀድሞ ያልቃል።

ይህ ደግሞ በአማርኛ የባሰ ያስከፍላል። የእኛ ቋንቋ ግሱን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። ነገሩ ይሁን አይሁን፣ ማን ያድርገው፣ መቼ ያድርገው፣ ሁሉም የሚለየው በመጨረሻዋ ቃል ነው። «ለአንድ ኪሎ ብቻ ዋጋ...» ብለሽ ድምፅሽ ሲሰጥም፣ የተናገርሽው «እቀንሳለሁ» ይሁን «አልቀንስም» ገዢው አልሰማም። ያልሰማውን ደግሞ በሚጠቅመው ይሞላዋል። ስለዚህ ለራስሽ አንድ ሕግ አውጪ፦ ዐረፍተ ነገሬን አሳጥራለሁ፣ የመጨረሻዋን ቃል ግን ጠንከር አድርጌ እላታለሁ። «አለ።» «አይቀንስም።» «ሐሙስ ይደርሳል።» ስልጠና ገብተሽ ከዚህ ሌላ ምንም ባትማሪ ገንዘብሽ አልባከነም ነበር፤ ይኸው በነጻ ነገርኩሽ።

ለሰውነቱ የሚደረገው ቀላል ነው። ሰው ፊት ከመቅረብሽ በፊት አየር ቀስ ብለሽ አስወጪ። ማስገባቱ ሳይሆን ማስወጣቱ ይርዘም፤ ልብን የሚያረጋው እሱ ነው። ውሃ ጎንጨት በይ። ባዛር ላይ ወንበር ላይ አትቀመጪ፤ ቁጭ ያለ ሰው ለማቀርቀር ይመቸዋል። በዚያ ቀን ሦስተኛውን ስኒ ቡና ተዪው፤ ለሚመታ ልብ ተጨማሪ ምት ነው። «አንድ ቢራ ድፍረት ይሰጣል» የሚልሽ ካለ ደግሞ አትስሚው፤ ሒሳብ የሚያሳስት ድፍረት አያስፈልግሽም። መንቀጥቀጡ ጨርሶ ይጠፋል ብለሽ አትጠብቂ። እኔ ሰው ፊት በመናገር እንጀራ መብላት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ መዳፌ አሁንም ያልበኛል። የመጀመሪያው ድንጋጤ ግን ቶሎ ይበርዳል። እሱ እስኪበርድ የሚያሻግርሽ በቃልሽ የያዝሽው የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ይሉኝታ ነው። ራስን ማወደስ ነውር ነው እየተባልን ነው ያደግነው። ስለ ዕቃችን ስንናገር ጉራ የነዛን ይመስለናል። ነውሩን እርሺው አልልሽም፤ ጥሩ አስተዳደግ ነው። ራስሽን ከዐረፍተ ነገሩ ውስጥ አውጪ ነው የምልሽ። «የእኔ በርበሬ ከሁሉም ይበልጣል» ጉራ ነው። «ዛላውን አንድ በአንድ ቀንጥሰን፣ ሻጋታ የነካውን ለቅመን ጥለን ነው የምናስፈጨው» ግን ምስክርነት ነው። ለመመስከር ጀግና መሆን አያስፈልግም፤ ማየት ይበቃል። አንቺ ደግሞ በየቀኑ ታዪዋለሽ።

እዚህ ላይ ሳታውቂው የተቀመጥሽበት ሀብት አለ። በደንብ ሳይደርቅ የተከማቸ በርበሬ ላይ የሚወጣው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመጣ ይችላል። መርዙ ደግሞ ወጥ ስለተንተከተከ ብቻ አይጠፋም። አንቺ ቤት ለቀማ ላይ የሚጠፋው ቀን ለዚህ ነው የሚጠቅመው። ገዢዋ ግን ይህንን አታውቅም፤ የምታየው ቀይ ዱቄት ብቻ ነው። ካልነገርሻት ያ ሁሉ ድካም ዋጋ የለውም። ባዛር ስትሄጂ አንድ እፍኝ ያልተቀነጠሰ ዛላ፣ አንድ እፍኝ ለቅማችሁ የጣላችሁት፣ አንድ እፍኝ ደግሞ ለወፍጮ የተዘጋጀ በሦስት ሳህን አቅርቢ። እጅሽ ሳህኑን ሲያሳይ አፍሽ ተከትሎ ይፈታል። ዓይንሽም ሰው ፊት ላይ ከመንከራተት ያርፋል።

ስለ አማርኛሽ ያልሽው አስገረመኝ። ቆሼ ማለት እኮ ማረቆ ማለት ነው! በርበሬ የሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው «የማረቆ ነው?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ነጋዴው ሁሉ «የማረቆ ነው» እያለ ሲምል፣ አንቺ የበርበሬ አገር ልጅ ሆነሽ አነጋገርሽን ትደብቂያለሽ። ያ ቅላፄሽ ማኅተም ነው። «ያደግኩት እዚያው ነው፤ እናቴ ዛላ ስትመርጥ እያየሁ ነው» ብትይ፣ ማንም ተቀጣሪ ሻጭ ሊለው የማይችለውን ነገር አልሽ። የሚስቅ ቢኖር አብረሽው ሳቂ፤ የሳቀ ሰው ቆሟል፣ የቆመ ሰው ያሸታል። አንድ ነገር ብቻ፦ ዛላው በእርግጥ ከዚያ የመጣ ሲሆን ብቻ ነው «የማረቆ» የምትዪው። የሃላባ ከሆነ የሃላባ በይ፤ እሱም ስም አለው።

ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው። ትልቁም እሱ ነው። ዋጋሽን አታውቂውም።

የምትሸጪበትን ታውቂያለሽ። የሚያስወጣሽን ግን በግምት ነው የያዝሽው። እንዴት አወቅኩ? ወጪዋን እስከ ሳንቲሟ የምታውቅ ሴት ሳትጠየቅ አትቀንስም።

የራሴን ልንገርሽ። ሥራ ስጀምር ፈሳሽ ሳሙና ለምግብ ቤቶች አቀርብ ነበር። አንድ ሆቴል ገባሁ። የግዢ ኃላፊው ወረቀት እያገላበጠ፣ ቀና እንኳን ሳይል «ጀሪካኑ ስንት ነው?» አለኝ። 280 ልል ነበር የመጣሁት፤ ከአፌ የወጣው 240 ነው። ዝም አለ። ዝምታው አስጨነቀኝና «230 ይሁንልዎት» አልኩት። ይኼኔ ቀና አለና 50 ጀሪካን አዘዘኝ። እየፈነደቅኩ ቤቴ ገባሁ። ማታ ቁጭ ብዬ ስደምር አንዱ ጀሪካን 236 ብር ያስወጣኛል። ለማትረፍ ሄጄ 300 ብር ከኪሴ ጨምሬለት መጣሁ። ሰውዬው እኮ አንድም ጊዜ «ቀንስ» አላለኝም። ዝም ያለው ወረቀቱን እያነበበ ነበር።

አሁን ወደ አንቺ እንምጣ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ አንቺ በራስሽ ደረሰኝ ተኪያቸው። 10 ኪሎ ዛላ በ400 ብር ገዛሽ፦ 4,000። ኮረሪማው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው፣ ነጭ አዝሙዱና ሌላው ቅመም 1,500። የሴቶቹ ቀን 1,200። ወፍጮ 200፣ ማሸጊያ 400፣ ማመላለሻ 300። ሲደመር 7,600 ብር። ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ቅመሙ ገብቶበት ተፈጭቶ 9 ኪሎ ወጣ እንበል። አንዱ ኪሎ 844 ብር አስወጣሽ ማለት ነው። ኪሎውን 900 ብለሽ ብትሸጪ 56 ብር ይተርፍሻል። ከዚያ ሰው ዝም ሲልሽ ትደነግጪና «እሺ 850 ይሁን» ትያለሽ። ስንት ቀረሽ? 6 ብር። ለገዢዋ 50 ብር ከ900 ላይ ብትነሳ ትንሽ ናት። ለአንቺ ግን ትርፍሽ ራሷ ናት። የቤት ኪራዩን፣ የባዛሩን የቦታ ክፍያና የአንቺን ጉልበት እንኳን ገና አላስገባንም።

ይህንን ወረቀት ሠርተሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊው። የድምፅ መድኃኒት የሚመስል ነገር የለውም፤ ግን ነው። ከ844 በታች ሥራሽ እንደሚያልቅ የምታውቂ ከሆነ «አይቀንስም» ለማለት ድፍረት አይጠይቅሽም። እውነቱን መናገር ብቻ ነው።

ሒሳቡን ሁሉ አስገብተሽ ዋጋሽ 1,050 ሆነ እንበል። ዋጋ ስትጠየቂ አንዲት ዐረፍተ ነገር ተናገሪ፦ «ኪሎው 1,050 ብር ነው።» ከዚያ ዝም በይ። በልብሽ እስከ አምስት ቁጠሪ። በዚያች ጊዜ ገዢዋ ምን ታደርጋለች? እሽጉን ታነሳለች። ታገላብጠዋለች። ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋለች። አብራት የመጣችውን ታያለች። ምናልባት የምታሰላው ብሩን ሳይሆን ዶሮውን ነው፤ ለበዓል ስንት ኪሎ እንደሚበቃት። አንቺ ግን ከአሁን አሁን ጥላኝ ሄደች ብለሽ «ቅናሽ አለው» ብለሽ ትገቢባታለሽ። ያንን ዝምታ ለእሷ ተዪላት።

«ኧረ ተወዷል!» ብትልስ? ይህ የእኛ ገበያ ሰላምታ ነው። ስድብ አይደለም፤ እምቢታም አይደለም። በርበሬ ተራ የምትሄድ ሴትዮ ሁሉ ትላለች። መልስሽ ዋጋውን ማውረድ ሳይሆን መጠኑን ማሳነስ ይሁን፦ «ግማሽ ኪሎም ሩብም አለ፤ መጀመሪያ ይሞክሩት።» ቅናሽ መስጠት ካማረሽም በምክንያት ይሁን። «አምስት ኪሎ ለሚወስድ 1,000 አደርገዋለሁ።» ያለ ምክንያት የወረደ ዋጋ የመጀመሪያውን ዋጋ ውሸት ያስመስለዋል።

አሁን ስለ ቃላት። ስልክሽ ላይ ድምፅ መቅጃ አለ። ስለ በርበሬሽ አንድ ደቂቃ ተናግረሽ ቅጂና አዳምጪው። መጀመሪያ ያስጠላሻል፤ የራሱ ድምፅ የማያስጠላው ሰው ብርቅ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ስትሰሚ «እንትን»፣ «ምናምን»፣ «ያው»፣ «ማለት ነው» ስንት ጊዜ እንዳልሽ ቁጠሪ። «ንጹህ ምናምን ነው» ስትይ ንጹሁን ራስሽ አቆሸሽሽው። «ጥሩ ነው መሰለኝ» ስትይ ደግሞ ያዘጋጀሽው አንቺ ሆነሽ አንቺው ተጠራጠርሽ። እነዚህን ቃላት ለቡና ጊዜ አስቀሪያቸው። ስትጨነቂ በምናምን ፈንታ ዝም በይ። ለአንቺ የሚረዝመው ዝምታ ለሰሚው እርጋታ ነው።

ባዛር ላይ ማብዛት አያስፈልግም። የታክሲ ረዳት ስለ ወንበሩ ምቾት ሲያወራ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ! አንድ ሰው!» ይላል፤ አበቃ። የት እንደሚሄድና ቦታ እንዳለ። «ቆርቆሮ ያለው» ማለት ረዝሞበት «ቆራሌው!» ያደረገው ልጅም ያው ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ይገባዋል። የአንቺም አንዲት መስመር ትሁን፦ «የማረቆ ዛላ፣ ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ የተፈጨ።» ቀጥሎ «ምን ልታዘዝ?» አትበይ፤ መልሱ «አይ፣ እያየሁ ነው» ነው። «ለዶሮ ወጥ ነው ወይስ ለዘወትር?» ብለሽ ጠይቂ። በርበሬ የሚገዛ ሰው ይህንን ሳይመልስ አያልፍም። ከመለሰ በኋላ የምታወሪው አንቺ ሳትሆኚ እሱ ነው፤ ለዝምተኛ ሰው ከዚህ የተመቸ ነገር የለም። አንቱታውን አትርሺ። እድሜው ካንቺ ያነሰ ቢመስልሽም በ«እርስዎ» ጀምሪ፤ ራሱ «ኧረ አንተ በዪኝ» ይልሻል።

ሱፐርማርኬቱ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ የተሸነፍሽው በድምፅሽ አይደለም። ጥያቄውን በደንብ አልሰማሽውም። «ለምን ያንቺን ልያዝ?» ያለሽ ሰውዬ ስለ ጣዕም አልጠየቀሽም። መደርደሪያው ሙሉ ነው። ያንቺን ለማስገባት የሌላ ሰው ማውጣት አለበት። የሚያስጨንቀው ይሸጣል ወይ፣ በሰዓቱ ትመጫለሽ ወይ፣ ያልተሸጠው በማን ኪሳራ ነው የሚለው ነው። ስለዚህ መልስሽ እንዲህ ይሁን፦

«በሳምንት 60 ኪሎ ማቅረብ እችላለሁ። የግማሽና የአንድ ኪሎ እሽግ አለኝ። የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። ሐሙስ ሐሙስ ራሴ አደርሳለሁ። ለመጀመሪያው 20 እሽግ ይያዙልኝ፤ በአንድ ወር ያልተሸጠውን እመልሰዋለሁ።»

ቀስ ብለሽ ብትናገሪው እንኳ ግማሽ ደቂቃ ያህል ነው። ቁጥሮቹን በአቅምሽ ቀይሪ፤ 60 ማድረስ ካልቻልሽ 25 በይ። ከዚያ ዝምተኛ ሰው የሚሸሸውን ጥያቄ ጠይቂ፦ «ክፍያው በስንት ቀን ነው?» በዱቤ ወስደው ከወር በኋላ የሚከፍሉ ብዙ ናቸው። ይህንን ሳትጠይቂ ከወጣሽ ለሚቀጥለው ዛላ የሚሆን ብር እጅሽ ላይ አይኖርም። ማስታወሻ ደብተር ይዘሽ ማየት ነውር የለውም፤ እያየሽ ተናገሪ።

ወደ ባለቤትሽ ሐሳብ ልምጣ። የንግግር ስልጠና ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። ሰው ፊት ቆመሽ መሳሳትና እርማት ማግኘት በቤት የማይገኝ ነገር ነው። ችግሩ አብዛኛው ስልጠና ለመድረክ የተዘጋጀ መሆኑ ነው። አንቺ መድረክ የለሽም፤ ጠረጴዛ ነው ያለሽ። ብር ከመክፈልሽ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ «በአንድ ክፍለ ጊዜ እኔ ስንት ደቂቃ እናገራለሁ?» ሁለት ሰዓት ለ30 ሰው ቢካፈል፣ አሰልጣኙ አንድም ቃል ሳይተነፍስ፣ ለአንድ ሰው አራት ደቂቃ ነው የሚደርሰው። አሰልጣኝ ደግሞ ሳይተነፍስ አይውልም፤ የራሴን ሙያ ስለማውቀው ነው። በዚያ 15,000 ብር ንጹህ ማሸጊያና መለያ ብታሠሪበት የተሻለ ይናገርልሻል።

የእህትሽ ሐሳብ ለበዓል ባዛር ይሆናል። ሰው ሲበዛ ተጨማሪ እጅና አፍ ያስፈልጋል። ግን ሻጩ የሚለውን ጽፈሽ ስጪው፤ አለበለዚያ አንቺ የማትችዪውን ቃል ይገባል፣ ባዶ እጅሽን ወቀሳ የምትቀበዪው አንቺ ነሽ። የግዢ ኃላፊ ዘንድ ግን በጭራሽ አትላኪው። ስለ ምርቱ ሁለተኛ ጥያቄ ሲመጣ የምትመልሰው የሥራው ባለቤት፣ አንቺ ነሽ። ቲክቶክም ቢሆን ለአንቺ ዓይነት ሰው ምቹ ነው፤ ፊትሽን ሳታሳዪ እጅሽ ሲቀነጥስ አንስተሽ ድምፅሽን ከላይ ትጨምሪበታለሽ፤ ካላማረሽ ትደግሚዋለሽ። ሆኖም የሰው ዓይን እያየሽ ዋጋ መናገርን አያስተምርሽም።

ጥቂት ማስጠንቀቂያ። ሰው አፉ ሲፈታ ያልሆነውን መጨመር ይጀምራል። «ጨጓራ አይነካም»፣ «ደም ያጠራል» የሚል ነገር ከአፍሽ እንዳይወጣ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ከሕጉም በፊት ጨጓራዋን የታመመች ገዢ አለች። «የሌሎቹማ ባዕድ ነገር አለበት» ማለትም እንዲሁ ነው። ሌላውን ነጋዴ ያለ ማስረጃ ማጥላላት በንግድ ውድድሩ አዋጅ የሚያስጠይቅ ነው፤ ገዢዋንም በርበሬን በጅምላ እንድትፈራ ታደርጊያታለሽ። ሌላው፣ ንግግር ዕቃን አይጠግንም። የዛሬው በርበሬሽና የወር በኋላው ቅመሙ ከተለያየ ምንም ያህል ብትናገሪ አትድኚም፤ መጠኑን በሚዛን ጻፊው። ደግሞም ፍርሃቱ ገበያ ላይ ብቻ ካልሆነ፣ ስልክ ማንሳት ካቃተሽ፣ ለቅሶና ሰርግ መሄድ ከቀረብሽ፣ ከቀጠሮ በፊት ሌሊቱን ሙሉ ካላስተኛሽ፣ ያ የንግድ አሰልጣኝ ሥራ አይደለም። የአእምሮ ጤና ባለሙያ አነጋግሪ፤ የሚታከም ነገር ነው።

እንግዲህ የምመክርሽ አንድ ነው። ስልጠናውንም ሻጩንም ለአንድ ወር አቆዪያቸው። በዚህ ሳምንት ሒሳቡን ሥሪ፤ ማታ ማታ ደግሞ አምስት ጊዜ ድምፅሽን ቅጂ። በሁለተኛው ሳምንት ለድሮ ደንበኞችሽ ደውዪ፣ በቀን ለሁለት ሰው። «ያለፈው በርበሬ እንዴት ነበር? አዲስ አስፈጭቻለሁ» በቂ ነው። እነሱ ስለሚያውቁሽ ድምፅሽ አይከዳሽም፤ የሚያመሰግኑበትን ቃልም በራሳቸው አነጋገር ጻፊው፣ ለባዛሩ ይሆንሻል። በሦስተኛው ሳምንት የማያውቁሽ አስር ሱቆች ግቢ። ትልልቆቹ ሳይሆኑ የሰፈር ሱቆች። የምትገቢው ለመሸጥ ብቻ አይደለም፤ ቢያንስ ስድስት «አይ፣ አንፈልግም» ሰብስበሽ ለመውጣት ነው። ስድስተኛው ላይ ቃሉ እንደማይገድል ሰውነትሽ ራሱ ይረዳዋል፤ ይህንን በምክር ላስረዳሽ አልችልም።

በአራተኛው ሳምንት ወደዚያው ሱፐርማርኬት ደውዪ። ወደ ሌላ ሳይሆን ወደዚያው። ኃላፊው ጭራሽ አያስታውስሽ ይሆናል፤ ቢያስታውስሽም ተመልሶ የመጣ ሰው ያከብራል። «ባለፈው ጥያቄዎን በደንብ አልመለስኩም ነበር፤ አሥር ደቂቃ ይስጡኝ» በዪው። ቀጠሮውን ጠዋት አድርጊው፣ ቀኑን ሙሉ እየፈራሽ እንዳትውዪ። ሁለት እሽግና ደብተርሽን ያዢ። ስልኩን ስትደውዪ ደግሞ ቆመሽ ደውዪ።